አሥራ ሦስት መስመር

ኅዳር 1977 ላይ አንድ መምህር ከጎንደር በኩል በእግሩ ተጉዞ፣ ድንበሩን ተሻግሮ ኡም ራኩባ ደረሰ። ኡም ራኩባ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ምድር፣ ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ የሚገኝ መጠለያ ነው። ያን ዓመት ድርቅና ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ ከትግራይም፣ ከወሎም፣ ከጎንደርም እየጎረፈ በገዳሪፍና በከሰላ ዙሪያ ይሰፍር ነበር። ለተቀባዩ አገርም ሰማዩ አልራራለትም፤ ዝናብ ከድቶት ማሽላው አገዳ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የመምህሩን ስም አልነግራችሁም፤ ታሪኩ ምሳሌ ነውና ስም አያሻውም።

ትምህርት ቤቱ ዳስ ነበር። ወንበር የለም፣ ሰሌዳ የለም፣ መጽሐፍ የለም። መምህሩ ከቤቱ ይዞት የወጣው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ብቻ ነበር። ዙሪያውን ሲያይ ግን ዛፍ አየ። ስለዚህ ደብተሩን ገለጠና የማሽላ አገዳ እያስደገፈ አሥራ ሦስት መስመር አሰመረ። ከታኅሣሥ ጀምሮ እስከሚቀጥለው ኅዳር፣ ጳጉሜንን ጨምሮ። ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ስለሆነች መስመሯን ጠበብ አደረጋት። ከዚያም ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ዛፍ ሰጠ።

«በየወሩ ዛፋችሁ የሆነውን ትነግሩኛላችሁ። ያየነውን ብቻ እንጽፋለን፤ ያላየነውን አንጽፍም።»

ወሬው በማግሥቱ ወላጆች ዘንድ ደረሰ። አንድ አዛውንት ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጥተው ደብተሩን አዩት። ማንበብ ባይችሉም መቁጠር ይችሉ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ወራት ናቸው፣ አባባ።»

«አሥራ ሦስት? እኛ እኮ ለፋሲካ አገራችን ነን! ልጆቻችንን እዚህ ልታከርምብን ነው? ምነው ባታሟርትብን!»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። «አባባ፣ እኔ ባላሰምረውም ወሩ ይመጣል» አላቸው። አዛውንቱ አልመለሱለትም። ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ።

እኚህን አዛውንት የምነቅፍበት አንደበት የለኝም። ስደተኛ ቀኑን የሚቆጥረው ወደ ኋላ ነው፤ ከወጣሁ ሃያ ቀን፣ ከወጣሁ ሁለት ወር ይላል። ወደ ፊት ቁጠር ሲሉት አገርህን እርሳ ያሉት ይመስለዋል። በመጠለያው ውስጥ ቤቱን አጥብቆ የሚሠራ፣ ምድጃውን በጭቃ የሚለስን ሰው እንኳ በጎሪጥ ይታይ ነበር፤ ተስፋ እንደ ቆረጠ ይቆጠራልና።

ልጆቹ ግን ዛፋቸውን ያዙ። አንዱ ቁርቁራ ደረሰው። አንዷ ሱዳኖች ሂጅሊጅ የሚሉት፣ ላሎብ የተባለ ፍሬ የሚሰጠው ዛፍ ደረሳት፤ ፍሬው እንደ ቴምር ተመጦ የሚበላ ነውና ሁሉም ቀኑባት። አንዱ ልጅ የሃሻብ ዛፍ ደረሰው። ሃሻብ ትንሽ እሾሃማ ግራር ነው፤ ለዓለም ለስላሳ መጠጥና መድኃኒት የሚሆነው የሱዳን ሙጫ የሚገኘው ከእሱ ነው። ታኅሣሥ ላይ አንድ የአካባቢው ሰው ጫፉ የሾለ ረጅም ዘንግ ይዞ መጣና የዛፉን ቅርፊት እየሰነጠቀ ገፈፈው። ልጁ እያለቀሰ ወደ ዳሱ ሮጠ።

«ጋሼ! ዛፌን አቆሰሉብኝ!»

«ጻፈዋ» አለው መምህሩ። «ቆሰለ ብለህ ጻፍ።»

ወር አልፎ ጥር ሲጋመስ ልጁ እጁን ጨብጦ መጣ። ሲከፍተው መዳፉ ላይ የዋልያ ዓይን የመሰለ፣ ውስጡ ብርሃን ያለበት፣ ቢጫ የሙጫ እንክብል ነበር። ከተገፈፈው ቦታ የወጣ ነው። ልጆቹ ተሻምተው ሊያኝኩት ሲሉ መምህሩ ግማሹን ለመነ። እርሳሱ አልቆ በጣት የማይያዝ ሆኖ ነበርና። የቆሎ ተማሪ ሳለ እንደተማረው ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቆ፣ ሙጫውን በውሃ አሟሙቶ አዋሐደው፤ ቀለም ሆነ። ውሃ በአህያ የሚሸጡ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ቆመው ያዩት ነበር። ከመተማ ገበያ የለቀሙት አማርኛ ነበራቸው። «እኛም ኸልዋ ውስጥ ልጆች ቁርኣን በሰሌዳ ሲጽፉ ቀለሙ ይሄው ነው» አሉ፤ ፊታቸው በራ። ከዚያን ቀን ወዲያ ደብተሩ የተጻፈው ከዛፉ ቁስል በወጣ ሙጫ ነው።

አሁን ወደ አንዲት ሌላ ልጅ ልምጣ። ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ከአያቷ በቀር ማንም አልቀራትም፤ እናቷን መንገድ ላይ ቀብረው ነው የመጡት። የደረሳት ዛፍ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ውሃ በሚወርድበት፣ ሱዳኖች ኾር በሚሉት ደረቅ ወንዝ ዳር የቆመ ትልቅ ግራር ነበር። እነሱ ሐራዝ ይሉታል። በዚያ ሁሉ በደረቀ አገር ለምለሙ እሱ ብቻ ነበር። ጥቁሩ ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቆ ክንድ እስኪያስገባ ድረስ፣ ሣሩ አመድ እስኪመስል፣ ሐራዙ ለምልሞ ጥላውን ይዘረጋል። የታመመ ከሥሩ ይተኛል፣ ለቅሶ ከሥሩ ይቀመጣል፣ የሕፃናት ክብደት ከሥሩ ይመዘናል። አያቷ ማለዳ ማለዳ ግንዱን ተጠግተው ይጸልያሉ። «ይቺ የተባረከች ዛፍ ናት» ይላሉ። ልጅቷ በየወሩ ጻፈች፦ «ታኅሣሥ፣ ሌላው ደርቋል፤ የኔ ለምልሟል። የካቲት፣ ፍሬው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተጠቅልሏል። መጋቢት፣ ፍሬው ረገፈ፤ ፍየሎች በሉት።»

በዚህ መሐል ልጆቹ ይጎድሉ ጀመር። ገና በመጀመሪያው ወር የቁርቁራው ልጅ አንድ ሌሊት ከነቤተሰቡ ጠፋ። በኋላ እንደተሰማው ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ድረስ 8,000 ያህሉ በምስጢር በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱበት ጊዜ ነበር። ከነሱ በፊት ግን መንገድ ላይና እዚያው መጠለያ ውስጥ ያለቁት ሺዎች ናቸው። ሌሎቹንም ልጆች አንዳንዱን ኩፍኝ፣ አንዳንዱን ተቅማጥ ወሰደ። ግንቦት ሲገባ ደግሞ ከምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች ብዙ ሺህ ሰው ለእርሻ ልድረስ ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። የሃሻቡም ልጅ ሄደ። ባለቤት ያጡትን ዛፎች ልጅቷ አንድ በአንድ ተረከበች። እሷ አልሄደችም፤ የአያቷ እግር መንገድ የሚችል አልነበረም።

ሰኔ ላይ ዝናቡ መጣ። የዚያ ዓመት ዝናብ ደግ ዝናብ ነበር። መሬቱ ስንጥቁን ገጥሞ ጭቃ ሆነ፤ መኪና አላስኬድ አለ። ቁርቁራው አቆጠቆጠ፣ ሃሻቡ ለበሰ፣ አገሩ በአንድ ሳምንት አረንጓዴ ሆነ። የልጅቷ ዛፍ ግን ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። ሐምሌ ሲጋመስ ያ የተባረከ ዛፍ ነጫጭ አጥንቱን አውጥቶ ራቁቱን ቀረ። አያቷ ግንዱን መጠጋት ተዉ። «ተይ ልጄ፣ በኛ ኃጢአት ነው የደረቀው» አሏት።

አዲስ ሰዎች ያኔም ይመጡ ነበር። አንድ ጎልማሳ በሐምሌ አጋማሽ ሚስቱንና ጨቅላ ልጁን ይዞ ደረሰ። ልጁ ታሟል፣ አጥሚት ይፈላለት ዘንድ እሳት ያስፈልጋል፣ እንጨቱ ሁሉ ርሷል። ጎልማሳው መጥረቢያ ተውሶ ዙሪያውን ሲያይ ደረቅ የሚመስል አንድ ዛፍ ብቻ አገኘ። ልጅቷ ደርሳ ግንዱ ሥር ተቀመጠች።

«ተነሺ የኔ ልጅ፣ ይወድቅብሻል።»

«አልሞተም።»

«ማን አለሽ?»

«ደብተሬ።»

መምህሩ በጩኸቱ መጥቶ ነበርና ሰውየው ደብተሩን እንዲያነብለት ጠየቀው። መምህሩ አነበበ፦ «ሰኔ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ሐምሌ፣ አንድም ቅጠል የለውም።»

«ደብተርሽም ሞቷል ነው እኮ የሚለው፣ ልጄ» አላት ሰውየው። ሊያሾፍባት አልነበረም፤ አዝኖላት ነው። ልጅቷ መልስ አጣች። ያየችውን ብቻ ነው የጻፈችው፤ ያየችው ደግሞ መሰከረባት።

ውሃ ሻጩ ሽማግሌ በዚያ ሲያልፉ አህያቸውን አቆሙ። መጥረቢያውን ከሰውየው እጅ ለመኑና በጫፉ አንዲት ቀንበጥ ፋቅ አደረጉ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ነበር።

«ሐራዝ ነው» አሉ። «አባቶቻችን ሲያወሩ፣ ሐራዝ ከዝናብ ጋር ተጣልቷል ይላሉ። ዝናብ ሲመጣ ልብሱን አውልቆ ይተኛል። ዝናብ ሲሄድ ለብሶ ይነሣል። ሥሩ ሩቅ ነው፤ ውሃውን ከታች ነው የሚጠጣው። የሚረግፈው ቅጠል ደግሞ መሬቱን ያሰባዋል፤ ከሥሩ የተዘራ ማሽላ ከሌላው ይበልጣል። ልጅቷ አልዋሸችም፣ የመጀመሪያውን መስመር አንብብላት።»

መምህሩ ገልጦ አነበበ፦ «ታኅሣሥ፣ ሌላው ደርቋል፤ የኔ ለምልሟል።»

ሰውየው ዛፉን ቀና ብሎ አየው። «እስከ መቼ ነው የሚጠበቀው?»

«ጥቅምት።»

«እኔ በጥቅምት እዚህ አልገኝም፣ አባቴ።»

«እኔ እኖራለሁ» አለች ልጅቷ።

ሁሉም ዝም አለ። በዚያ መጠለያ ያን ቃል ደፍሮ የተናገረ አዋቂ አልነበረም። አያቷ ማሰሮ ይዘው ከኋላ ቆመው ነበር፤ ሰሟት። ሽማግሌው ከአህያው ላይ ለራሳቸው የቋጠሩትን ደረቅ እንጨት ፈትተው ለጎልማሳው አሸከሙት፤ ሄደ።

ማታ በኩራዝ ብርሃን አያቷ «እስቲ ያን ደብተር አምጪው» አሏት። ፊደል አያውቁም። «የቱ መስመር ላይ ነን?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ሐምሌን አሳየቻቸው። አያቷ በጠቋሚ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ቆጠሩት፤ ያለፈውን ስምንቱን፣ ከዚያም የቀረውን አምስቱን። ጳጉሜን ላይ ሲደርሱ ጠባቧን መስመር ዳበስ አደረጓት። በማግሥቱ ጭቃ አቡክተው ምድጃቸውን ለሰኑ።

በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ሐራዙ አቆጠቆጠ። ልጅቷ ጻፈች። ያ ጎልማሳም እዚያው ነበር፤ ድኖ ዳዴ የሚል ልጁን ይዞ መጥቶ ከጥላው ሥር ተቀመጠ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ 38 ዓመት ያህል አለፈ። ልጅቷ አገሯ ገብታ እሷም መምህር ሆነች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ሰው በተቃራኒው መንገድ ይጎርፍ ጀመር፦ ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት፣ ከጋላባት ወደ መተማ። ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተከፈተ። እሷም ልጆቹን ላስተምር ብላ ሄደች። ከሸራው ውጭ፣ ከአንድ ግራር ሥር አስቀመጠቻቸውና አዲስ ደብተር ገልጣ መስመር ማስመር ጀመረች።

አንድ ሱዳናዊ አባት ቆሞ ይቆጥር ነበር። ከካርቱም የመጣ የቢሮ ሰው ነው፤ ሸሚዙ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላም ሱሪው ውስጥ እንደተከተተ ነበር።

«ለምን ይሄን ያህል?» አላት በዐረብኛ። «እኛ እኮ ለዒድ ቤታችን ነን።»

እሷም ቀና ብላ አየችው። የአዛውንቱ ከዘራ ትዝ አላት። አልመለሰችለትም፤ ማስመሯንም አልተወችም። እንደ ማስመሪያ የያዘችው የማሽላ አገዳ እየተንሸራተተ አስቸገራት።

ሰውየው ጥቂት ቆየ። ከዚያ ቁጢጥ አለና የአገዳውን ሌላ ጫፍ በጣቱ ያዘላት።

«ይቺ ለምን ጠበበች?» አለ መጨረሻ አካባቢ ሲደርሱ።

«አምስት ቀን ብቻ ናት» አለችው።