ባለ ክምሩ

በመንዝ፣ ከጓሳው ሥር፣ «ባለ ክምሩ» የሚባል ገበሬ ነበር። ከጥር እስከ ግንቦት የተጠፈጠፈው ኩበት ከደጁ ተከምሮ፣ ላዩ በእበት ተለስኖ፣ ከሩቅ ለሚያየው ሁለተኛ ጎጆ ይመስል ነበር። መንገደኛ «ይህ ደግሞ የማን ቤት ነው?» ይላል። ኩበት መሆኑ ሲነገረው «እግዜር የሰጠው!» ብሎ ያልፋል። ባለ ክምሩ ይህቺን ቃል ለመስማት ሲል በገበያ ቀን ከደጁ አይጠፋም። ኩበቱን የጠፈጠፈችው፣ ያገላበጠችው፣ ተሸክማ የከመረችው ሚስቱ እንደሆነች ግን የጠየቀም የተናገረም አልነበረም።

አገሩ እጅግ ከፍ ያለ ደጋ ነው። ዛፍ እንደ ልብ ስለሌለ የሚነደው በአብዛኛው ኩበት ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ደጅ አይቆምም፣ ምድጃ ድረስ ይዘልቃል። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚለው አነጋገር ለሌላ አገር ሰው ይሠራ ይሆናል። እዚያ የዝናቡ ብርድ ሲወጣ የውርጩ ይተካል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጠርቶ ያደረ ለታ ሣሩ ነጭ ለብሶ ይነጋል። በግንቦት የሚሰናዳ ሰው እንግዲህ የሚሰናዳው ለሁለት ብርድ ነው።

ነገሩ የሆነው መሬት በ1967ቱ አዋጅ የመንግሥት ከመሆኑ በፊት፣ ጓሳው ቄሮ በሚባለው ሥርዓት በሚጠበቅበት ዘመን ነው። ሲወርድ ሲዋረድ እንደሚነገረው ያን ሰፊ የሣር ምድር አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች አቀኑት፤ ከዘራቸው የሚቆጠር ሁሉ ድርሻ ነበረው። ድርሻ አለኝ ብሎ ግን በፈለገው ቀን ማጭድ ይዞ የሚወጣ አልነበረም። ጓሳው ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈት፣ ክረምቱ ሲቃረብ ይዘጋ ነበር። ሣሩ ራሱም ጓሳ ነው የሚባለው። ጠንካራ ነው፤ ለገመድ ይሆናል፣ ለጣራ ክዳን ደግሞ አቻ የለውም። ጣራው ያረጀበት ሰው ያቺን በጋ ካሳለፋት የሚቀጥለውን መክፈቻ መጠበቅ ነው፤ መቼ እንደሚሆን የሚወስኑት የቄሮው ሹሞች እንጂ እሱ አይደለም።

ጓሳው በተከፈተበት በጋ ባለ ክምሩ ድርሻውን አጭዶ ሳይጨርስ አንድ ነጋዴ መጣ። ለገመድ የሚፈልገው ነው፤ ብሩንም በእጁ ይዟል። ሚስቲቱ ከጓዳ ሆና «ጣራውስ?» አለች።

«ጣራ አይነድም» አላት። «ቤት የሚያሞቀው እሳት ነው። እሳቱ ደግሞ ያውልሽ» ብሎ ወደ ክምሩ አመለከታት።

«ከተኛሁበት ሆኜ ኮከብ እቆጥራለሁ እኮ።»

«ታዲያ ጭሱ በየት ይውጣ?»

ነጋዴው ሳቀ፤ ሣሩም ተጫነ።

ከሱ ቤት ወረድ ብሎ አንዲት ባልቴት ነበሩ። የሳቸው ኩበት ከወገብ አይበልጥም። ላማቸው አንዲት ስትሆን እበቷን ሦስት ቦታ ይከፍሉታል፦ ለምድጃ፣ ለግድግዳ፣ ለጓሮ ገብስ። ያን በጋ የጓሳ ድርሻቸውን እስከ መጨረሻዋ እፍኝ ጣራ ላይ አወጡት፤ ለከዳኞቹም ጠላ ጠመቁ። ከዚያ ጭቃ በጭድ አስቦክተው በድንጋዩ ካብ መሐል ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ከውስጥም ከውጭም አስመረጉ። በጎቻቸው ከታች ባለው ጋጥ ያድራሉ፣ እሳቸው ከላይ፣ ቆጡ ላይ፤ የበጎቹ ትንፋሽ ወደ ላይ ይመጣላቸዋል። ሸልተው የፈተሉትን ጠጉር ለሸማኔ ሰጥተው አንድ ባና አሠሩ። ሰው ግን ምርግ አያይም፣ የሚያየው ክምር ነው። «ምስኪን፣ ዘንድሮስ ምን ይውጣቸው ይሆን?» ይባባሉ ነበር፤ ባለ ክምሩም አንድ ሁለት ጊዜ እንዲህ ብሏል።

ሐምሌ ገባ። በባለ ክምሩ ቤት የሚነደው እሳት የሠርግ ቤት እሳት ነበር፤ ጎረቤቱ ሊሞቅ ይመጣል፣ እሱም «ጨምሪበት!» ይላል። ያም ሆኖ ከእሳቱ ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ፊቱ ይለበለባል እንጂ ጀርባውን ይበርደዋል። ሙቀት ያው ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ላይ ደግሞ ያረጀ ክዳን ነው ያለው። ወጪው በጣራ ሲወጣ ተተኪው ነፋስ ባልተመረገው ካብ በኩል ይገባል፤ እሳቱ በበረታ ቁጥር ስበቱም ይበረታል። በሚኒሶታ ቤት የገዛ ወገናችን የጋዝ ሒሳቡ አስደንግጦት ባለሙያ ቢጠራ፣ ሰውየው ከማሞቂያው አስቀድሞ ከኮርኒሱ በላይ ወጥቶ የሚያየው፣ በሩ ላይም ትልቅ ማራገቢያ ገጥሞ ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚያስሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ባለ ክምሩ ጓሳውን እያሞቀ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ደግሞ በረዶው መጣ። የክምሩን ልስን ሰነጣጠቀው፤ በስንጥቁ ዝናብ ገባ። እርጥብ ኩበት ደግሞ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ደረቁ ከመሐል እየተፈለፈለ ሲወጣ ክምሩ ከውጭ እንዳለ ቆሞ ከውስጥ ተቦረቦረ። መንገደኛው አሁንም «እግዜር የሰጠው!» ይላል፤ ባለ ክምሩ ግን ደጅ መቆም ትቷል። ሚስቱ ዓይኗ በጭስ ቀልቶ፣ በየቀኑ እጇን ወደ ክምሩ ሆድ ትሰዳለች፤ በየቀኑም ክንዷ ጠልቆ ይገባል።

በቡሄ ዋዜማ ሊጡ ተቦክቶ፣ ሙልሙሉ ተድቦልቡሎ፣ የሚጋገርበት ጠፋ። ልጆቹ ነገ ጅራፋቸውን እያጮሁ ሆያ ሆዬ ሲሉ ከዚያ ትልቅ ክምር ፊት ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው። ሚስቲቱ ምንም አልተናገረችም። ባለ ክምሩ ባናውን ደርቦ፣ ሰው እንዳያየው መሸትሸት ሲል ወደ ባልቴቲቱ ቤት ወረደ።

«እንዴት አመሹ፣ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ ልጄ፣ መዝጊያውን መልሰው።»

ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ ተጫወቱ፣ ስለ በጎቹ ተጫወቱ። ጥቂት ቆይቶ ባናውን ከትከሻው አወረደ፤ ወዲያው ግራ ገብቶት ምድጃውን ያይ ጀመር። ከአመድ በቀር ምንም የለበትም።

«እሳቱ ጠፋብዎት እንዴ?»

«ምን በወጣው! ዳፍኜው ነው። አሁን ምን ያደርግልኛል? ለጠዋት ነው የምፈልገው።»

ሊል የመጣውን መናገር አቃተው። እሳቸውም አላስለመኑትም፤ ከማዕዘኑ አንድ እቅፍ ደረቅ ኩበት አንስተው ከፊቱ አኖሩና «ቤትህ ነፋስ የሚያስገባው በየት በኩል ነው?» አሉት።

አፉን ከፈተ፤ አሰበ፤ ዘጋው። በዚያ ቤት ውስጥ ተወልዶ ነው ያደገው።

«እንግዲያው ነገ ሚስትህን ላክልኝ» አሉት። «እሷ ታውቀዋለች።»

አወቀችም። ከቆጡ በላይ ሦስት ቦታ፣ ከምድጃው በስተኋላ፣ ከመዝጊያው ሥር። የምትተኛው በነፋሱ በኩል ነበርና እያንዳንዱን ቀዳዳ በጀርባዋ ለይታዋለች። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ጭቃው ተቦካ፤ ባለ ክምሩ ራሱ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ረገጠው። ግድግዳው ከውርጩ ቀን ቀድሞ ደረቀ። ጣራው ግን በጭቃ አይሆንም። ጓሳው ተዘግቷል። ጥቂት ሣር የተረፈው አንድ ሰው ከሩቅ ጎጥ ተገኘና ሙክት ጠየቀበት። የነጋዴው ብር እንደሆን ጨው ሆኖ ተልሷል፣ ሸማ ሆኖ ተለብሷል። ለገና የተቀለበው ሙክት ተነዳ፤ የመጣው ሣር የጣራውን ግማሽ ሸፈነ፤ ሌላው ግማሽ በገለባ ተደፈነ፤ ገለባ ደግሞ ክረምት እንደማይሻገር የታወቀ ነው። እስከሚቀጥለው መክፈቻ በየዓመቱ እንደገና መደፈን ነበረበት፤ በየዓመቱም ከብቶቹ የሚበሉት ገለባ በዚያው ልክ ጎደለ።

ይህን ታሪክ ሲያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ዕዳ የጓሮው ገብስ ይመስለኛል። ሙክቱ አንድ ጊዜ ሄደ፣ አበቃ። ገብሱ ግን ለዓመታት ሲከፍል ነበር። ያ ሁሉ እበት ተጠፍጥፎ ሲከመርና ሲነድ፣ ጓሮው ፍግ ካየ ስንት ጊዜው! ባለ ክምሩ ዛላው ሲያንስበት ዘሩን ይወቅሳል፣ ዝናቡን ይወቅሳል፤ የገብሱ ቀለብ ደጁ ላይ ተከምሮ እንደሚደነቅለት አላሰበም። ሚስቲቱ ናት የባልቴቲቱን አከፋፈል ይዛ የመጣችው። በቀጣዩ ግንቦት የሱ ኩበት ከትከሻው አልበለጠም።

ሰውም አላለፈውም። አንዱ በገበያ «ከብት አለቀብህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ሌላው፣ ሴት ልጁን ሊጠይቅ ያሰበ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት በዚያ በኩል አልፎ ክምሩን አየና ሽማግሌዎቹን ወደ ሌላ ቤት ላካቸው። ባለ ክምሩ ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ስሙ ግን እንዳለ ቀረ፤ ያገር ሰው አንዴ የሰጠውን ቅጽል በቀላሉ አይነጥቅም።

በአራተኛው ዓመት ጓሳው ተከፈተ። ባልና ሚስት ማጭዳቸውን ስለው ሌሊት ወጡ፤ ልጆቹም ተከተሉ። ሣሩ ታስሮ ከደጅ ሲደርስ ያ ነጋዴ፣ በቅሎውን እየሳበ፣ መጣ። የገመድ ዋጋ ጨምሯል፤ ከዚያኛው ጊዜ እጥፍ እከፍላለሁ አለ፤ ብሩንም አውጥቶ ቆጠረው።

ባለ ክምሩ ብሩን አየ። ከዚያ ሚስቱን አየ፤ እሷ ነዶውን እያነሳች ለከዳኞቹ ታቀብላለች።

«ንገሪው እንጂ» አላት።

«ከጣራው ከተረፈ እንሸጥልሃለን» አለች፤ ማቀበሏንም አላቆመችም። ነጋዴው በቅሎውን ከካቡ ጥላ ሥር አስሮ ቁጭ አለ፤ ሲመሽ ተነሥቶ ሄደ።