ሐኪም መምረጥም ሰበብ ማድረስ ነው



ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ (ሱ.ወ.) ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማውረዱን ነግረው እንድንታከም አዝዘውናል። ሆድ ሲያመን ይህን አንረሳም። ቀልብ ሲጨነቅ ግን «ኢማኑ ደክሞ ነው» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ934 ያረፉት ዓሊም አቡ ዘይድ አል-በልኺ ግን የአካልንና የነፍስን ሕክምና በአንድ ኪታብ ጽፈዋል። ሰበቡ የታወቀን ሐዘን ካልታወቀው ለይተው፣ ለአንዱ ምክርን ለሌላው የአካል መድኃኒትን አዘዋል። ሁሉም ሕመም በአንድ መንገድ አይታከምማ!

አባቴ በሞቱ ጊዜ እኔም ለወራት እንቅልፍ አጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩባቸው አማካሪ ትሑት ሰው ነበሩ። ነገር ግን የችግሬ ምንጭ ለሱብሒ መነሳቴ መስሏቸው ለጊዜው እንድተወው መከሩኝ። ወጥቼ ሕክምናውን ጨርሶ ተውኩት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። መተው የነበረብኝ አማካሪውን እንጂ ሕክምናውን አልነበረም።

ሁለተኛዋ ባለሙያ ሙስሊም አልነበሩም። በምን ዘዴ እንደሚያክሙ፣ ሶላቴንስ እንዴት እንደሚያዩት አስቀድሜ ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። የእንቅልፍ ልማድን በሚያርመው ሕክምና ዋናው ነገር በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሳት መሆኑን አስረዱኝ። በአገራችን የሱብሒ ወቅት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ መነሻ ሰዓቴን በእሱ ላይ አጸኑት። የማልተኛበትን ሰዓት አልጋ ላይ መገላበጥ ከለከሉኝ። ሳምንታት ቢፈጅም፣ አልሐምዱሊላህ፣ እንቅልፌ ተመለሰ።

በቅርቡ ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣ አንድ ወንድም «ሞክሬው ነበር፣ ለኛ አይሆንም» አለኝ።

«ስንት ሰው ዘንድ ሄድክ?» አልኩት።

«አንድ።»