የጎረቤት ጎመን

ጎመን በጤና ይላሉ አበው። ተረቱ ሰው ሁሉ ከገዛ ጓሮው እንደሚቀነጥስ፣ ሰላሙም በየቤቱ እንዳለ አስቀድሞ የወሰነ ይመስለኛል። ጤናው ሲጠፋ ጎመኑ የማን እንደሚሆን አይነግረንም። እኔን ግን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ከፍታው ወደ 1,850 ዝቅ ይላል፤ ጓሮውም አብሮ ይለወጣል። እዚያ ፓፓያው፣ ዘይቱኑ፣ ሎሚው፤ እኛ ዘንድ ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ጌሾው፣ ኮኩ። አየሩ ይለያይ እንጂ የጓሮው ሕግ አንድ ነው። ጌሾ ይሸጣል። ኮክ የሰረቀ ልጅ ኩርኩም ይቀምሳል። ጤና አዳምና ዳማከሴ ግን አይከለከሉም፤ አንዱ ለቡና፣ ሌላው ለምች ነውና የጠየቀ ሁሉ ይቆረጥለታል። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ሳያውቀው ያደገም የለም።

በዚያ ዓመት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። ብዙ ሰው አስቀድሞ ሸሽቷል። ጎረቤቴም፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፣ ልጆቻቸውን ይዘው መጀመሪያ ኮምቦልቻ ወንድማቸው ዘንድ ወረዱ፤ እሷም ወዲያው ስትያዝ ወደ ሸዋ ተሻገሩ። እኔ እናቴ ከአልጋ የማትነሣ ስለ ነበረች ቀረሁ። ገበያ የለም፤ ባንክ ዝግ ነው። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ግን ባለቤት የሌለበት ጎመን ይለመልማል።

መጀመሪያ አጥሩን የዘለልሁት ለዳማከሴ ነበር። እናቴን ምች መቷት፣ ቅጠሉን አሽቼ ጭማቂውን አጠጣኋት። ኅሊናዬ ትንፍሽ አላለም። ባለቤቷ ቢኖሩም በእኩለ ሌሊት አንኳኩቼ በጠየቅሁ፣ እሳቸውም በሰጡኝ ነበር።

ሁለተኛው ጎመን ነው። እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ምክንያት ግን አላጣሁም። ጎመን ከታች ከታች ካልተቀነጠሰ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ አናቱም አብቦ ያረጃል። ስለዚህ የእኔ መብላት ለጎመኑም ጥቅም ነው! (ሰው ሲርበው እንዴት ያለ የእርሻ ባለሙያ እንደሚወጣው የሚገርም ነው።)

መናገር የሚከብደኝ ሦስተኛውን ነው። ዘንቢል ይዤ ገባሁ። በሰፈራችን የበቆሎ ዱቄት ያለው፣ ማባያ የቸገረው ቤት ነበር፤ አንድ ዘንቢል ጎመን በሁለት ጣሳ ዱቄት ተለዋወጥን። በሳምንቱም ደገምሁት። የመጨረሻው ዘንቢል የተለወጠው ግን በዱቄት አልነበረም፤ በቡና ነው። ወሎዬ አንባቢ ቡናንም ከነፍስ ማቆያ ይቆጥርልኝ ይሆናል። እኔ ግን ያን ዕለት ቤታችን ውስጥ ዱቄት እንደ ነበረ አውቃለሁ።

በኦሪት ዘዳግም ለዚህ የሚሆን ሕግ አለ። ወደ ሰው የወይን ቦታ የገባ መንገደኛ እዚያው መብላት ተፈቅዶለታል፤ በዕቃ ሞልቶ መውጣት ግን ተከልክሏል። ልጅ ሳለሁ ይህ የንፉግ ሕግ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሕጉን ያወጣው ሰውን አሳምሮ ያውቅ እንደ ነበር ይገባኛል። ሆድ ሲሞላ በቃኝ ይላል፤ ዘንቢል ግን ሲሞላ ገበያ ያሰኘዋል።

ጠበቃ ፍለጋ ሌሎችንም አገላብጫለሁ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጻፈው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ፣ የዱር ፍሬ የሰው ንብረት የሚሆነው ሰውየው ለመልቀም በደከመበት ቅጽበት ነው የሚል ሐሳብ አለው፤ ለሌላው የሚበቃ እስከ ተረፈና የያዘውም እስካልተበላሸ ድረስ። ቢጫ ሊሆን የነበረን ጎመን ያዳንሁ እኔ ሎክን ከጎኔ ያቆምሁ መስሎኝ ነበር። ግን ጎመኑ የዱር አይደለም። ዘርተው፣ በፍግና በቡና አተላ አልምተው፣ በዕቃ ማጠቢያ ውሃ ያሳደጉት ሴት ድካም ከእኔ ቅንጠሳ ጋር ሊወዳደር ነው? ከሐምሌ 1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ መሬቱ የመንግሥት ነው የሚል ጠበቃም አይጠፋም። ይሁን፤ ጎመኑን ግን መንግሥት አልተከለውም።

ጎረቤቴ በታኅሣሥ ተመለሱ። በራቸው ተሰብሮ፣ ዕቃቸው ተዘርፎ ጠበቃቸው። ወደ ጓሮ ሲዞሩ ተከትያቸው፣ «ጎመንዎን በልተነዋል፤ አውፍ ይበሉኝ» አልኋቸው።

«የበላችሁት ሐላል ይሁንላችሁ» አሉኝ። «ወፍ የበላው እንኳ ሰደቃ ነው፤ እንኳንስ እናትህ።»

የበላችሁት! ቃሉን ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳላመጥሁት። የለወጥሁትን አላሉም፤ እኔም አልነገርኋቸውም። ያልተነገረውን በደል ይቅር ማለት ይቻላልን? ልባቸው ሰፊ ነው፤ ብነግራቸውም ሐላል ይላሉ ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ነገር ግን ይህ ባዶ ወረቀት አስፈርሞ በኋላ እንደ መሙላት ያለ ነገር ነው። ለሦስቱ ዘንቢል ዋጋ አውጥቼ ገንዘብ ብሰጣቸውስ? ሰደቃቸውን ወደ ሽያጭ መለወጤ ነው። ዛሬ ሄጄ ብናገር ደግሞ እሳቸው የሚያተርፉት ነገር አይታየኝም፤ የሚቀልለኝ እኔ ነኝ፤ እሳቸውን ከዘረፋቸው ሰዎች ተራ ውስጥ አንድ ጎረቤት እንዲጨምሩ አደርጋቸዋለሁ። ይህም ክርክር ከእርሻ ባለሙያነቴ የተሻለ እንዳልሆነ እጠረጥራለሁ። እዚህ መጻፌንም አንባቢ እንደ ኑዛዜ እንዳይቆጥርልኝ፤ አንባቢ ጎመን አልተከለም።

ያኔ የምዘልበት ቦታ ቆርቆሮው እንደ ተገነጠለ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ በኩል ለእናቴ ብለው ጎመን ያቀብሉኛል። በዘንቢል ነው።