ልጅ በዕድሉ ያድጋል፦ ስለ ሁለተኛው ልጅ አንድምታ

ንባብ፦ ልጅ በዕድሉ ያድጋል።

ይህ ቃል ለበኩር ልጅ እምብዛም አይነገርም። የመጀመሪያው ሲወለድ ማጽናኛ የሚሻ የለም፤ እልልታው፣ ገንፎው፣ የሰባተኛው ቀን በግ፣ የአያቶች መምጣት ቤቱን ይሞላዋል። ቃሉ የሚነሣው ሁለተኛው ሲመጣ ነው፤ ታላቁ ገና ጡት ሳይጥል፣ ኪራይ ጨምሮ ሳለ፣ እናት የእርግዝናዋን ወሬ ደስታና ድንጋጤ በተቀላቀለበት ድምፅ ስትናገር። ጅግጅጋ ላይ አማርኛ ተናጋሪው ጎረቤት «አይዞሽ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላታል፤ ሶማሌዋ ጎረቤት ሪዝቁን፣ ሲሳዩን፣ የሚሰጠው አላህ ነው ትላታለች፤ ሁለቱም ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። የአንድምታ መምህራን ንባቡን ካስቀደሙ በኋላ «አንድም» እያሉ ፍቺ በፍቺ ላይ ይደርባሉ፤ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም። የገበያ ቃል በመጻሕፍት ወግ ሊተረጎም አይገባውም የሚል ይኖራል። ነገር ግን ስንት ቤት የሚተዳደርበትን ቃል ያለ ትርጓሜ መተው ይብሳል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ቃሉ እውነት ነው፣ ግን ዕድሉን የሚያቀርብለት ሰው ለነበረው ልጅ የተነገረ እውነት ነው።

አንድም፦ የፈጠረውን ጉሮሮ ሳይዘጋ አያድርም ሲል ነው። የተለመደው ፍቺ ይህ ነው፤ አይናቅም። ቁርኣን በስድስተኛውና በአሥራ ሰባተኛው ምዕራፍ ድህነትን ፈርቶ ልጅን መግደልን ይከለክላል፤ በሁለቱም ቦታ ሲሳይ ሰጪው እርሱ መሆኑን ይናገራል። ሙፈሲሮቹ፣ የቁርኣን ተርጓሚዎች፣ ግን በሁለቱ መካከል ያለውን የቅደም ተከተል ልዩነት አላለፉትም። በስድስተኛው ወላጆች ቀድመው ልጆች ይከተላሉ፤ በአሥራ ሰባተኛው ልጆች ይቀድማሉ። ስለ ምን ቢሉ፦ በፊተኛው ድህነቱ ደርሶአል፣ ስለዚህ ወላጆቹ ስለ ራሳቸው ይጽናናሉ፤ በኋለኛው ድህነቱ ገና የሚፈራ ነው፣ ስለዚህ ልጁ የራሱን ይዞ እንደሚመጣ ይነገራቸዋል። የሁለተኛ ልጅ ፍርሃት ይህ የኋለኛው ነው፤ ዛሬ ያለችው እንጀራ ነገ ለሁለት ትካፈላለች የሚል ስጋት። ቃሉም ለስጋቱ መልስ ይሰጣል፦ ታናሹ የታላቁን ሊበላ አልመጣም። ልብ ይባል፤ ይህ ፍቺ ልጅን መጥላትንና መፍራትን ይከለክላል እንጂ ሳይዘጋጁ መቀበልን አያዝም። ብዙ ሰው ግን ፍቺውን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ያሻግረዋል፤ ስህተቱም እዚያ ላይ ይጀምራል።

አንድም፦ ዕድሉ በተወለደ ቀን የታሰረችለት እንስሳ ናት። በሶማሌ አርብቶ አደር ወግ ልጅ ሲወለድ፣ እትብቱ ሲታሰር፣ አንዲት ግመል ወይም ሌላ እንስሳ በስሙ ትሰጠዋለች። ጎረቤቱ ኦሮሞም ሃንዱራ ብሎ ከእትብት ጋር የሚሰጠው ስጦታ አለው። የዚያች እንስሳ ዘር የልጁ ነው፤ ወለደችም በዛችም የእርሱ ሀብት ይበዛል፣ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ይቆጠርለታል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት «በዕድሉ ያድጋል» ማለት ምኞት አልነበረም፤ ዕድሉ በረት ውስጥ ቆሞ ይታያል፣ ስም አለው፣ ጠባቂ አለው። ሁለተኛው ልጅ ሲመጣ የራሱ ይሰጠዋል፤ የታላቁ ግመል አትወሰድም። ሃይማኖቱም በዚሁ መንገድ ሄዶአል። በሰባተኛው ቀን የሚታረደው አቂቃ ለወንድ ሁለት በግ፣ ለሴት አንድ ነው፤ ለአምስተኛው ልጅ ቢሆን «ለበኩሩ ታርዷል» ተብሎ አይቀነስም። በክርስቲያኑም ወገን ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ለየራሳቸው ይጠመቃሉ፤ የታላቅ ጥምቀት ለታናሽ አይበቃም። ድርሻው በነፍስ ወከፍ ነው።

አሁን ቃሉ ወደ ከተማ ገብቶአል፣ እንስሳዋ ግን አልገባችም። በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያ፣ በአውበሬ፣ በቶጎ ውጫሌ የሚኖረው ወጣት ባልና ሚስት በደመወዝ፣ በባጃጅ፣ በሱቅ ወይም ድንበር ላይ በሚነግዱት ሸቀጥ ያድራሉ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ በተከታታይ ወቅቶች ሲቀር የብዙ አርብቶ አደር መንጋ አለቀ፤ ሰውም ወደ ከተሞች ዳርና ወደ መጠለያዎች ተገፋ። ባቢሌ አካባቢ ያለው የቆሎጂ መጠለያም በግጭትና በድርቅ የተፈናቀሉትን ይዞ ዓመታት ቆይቶአል። ከበረት በነጻ ይታለብ የነበረው ወተት ዛሬ ሴቶች በቢጫ ጀሪካን አምጥተው ገበያ የሚሸጡት ነው። ጢስ ጢስ የሚለው ጣዕሙ አልተለወጠም፣ ዋጋው ግን በድርቅ ወር ይወጣል። ስለዚህ ከተሜው ወላጅ ቃሉን ሲጠቅስ ሌላ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፦ የልጁን ዕድል ማን አሰረ?

አንድም፦ ዕድሉ የእናቱ ወተት ነው፤ ያውም ሁለት ዓመት ሙሉ። ከሁሉ የሚከብደው ፍቺ ይህ ነውና እዚህ ላይ እንቆይ። የአል በቀራህ ምዕራፍ 233ኛው አንቀጽ ማጥባቱን ሊያሟላ ለሚፈልግ ሁለት ሙሉ ዓመት ይመድባል። የአጥቢዋን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ይጥላል፤ አባት ባይኖር በወራሹ። ቀድሞ ጡት ማስጣል ቢያስፈልግ ሁለቱ ወላጆች ተመካክረውና ተስማምተው ያድርጉት ይላል። ሌላው ምዕራፍ እርግዝናውንና ጡት ማስጣሉን በአንድነት 30 ወር ያደርገዋል፤ የቀደሙት ሊቃውንትም ከ30 ላይ 24ቱን ቀንሰው ያጠረው እርግዝና ስድስት ወር መሆኑን አወጡ። አንዱን ንባብ በሌላው መፍታት የእኛ መምህራን ብቻ ሙያ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል። በኦሪትም አብርሃም ታላቁን ግብዣ ያደረገው ይስሐቅ ጡት በጣለ ቀን ነው፤ ልደቱ ብቻ ሳይሆን ድርሻውን መፈጸሙ ተከበረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች ከአንድ ልጅ መወለድ በኋላ የሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ መክረዋል፤ ከሁለት ዓመቱ ማጥባት ጋር እንደሚስማማም ገልጸዋል። ቁርኣንና የጤና ድርጅቱ አንድ ቍጥር ላይ ሲገናኙ ቍጥሩን የውጭ ሰው ምክር ነው ብሎ መግፋት አይቻልም።

አርብቶ አደሩ ይህን ከግመሉ ያውቀዋል። ግመል ከ12 እስከ 13 ወር ታረግዛለች፤ በሁለት ዓመት አንዴ ገደማ ትወልዳለች። አላቢው በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ገበታውን በሌላው ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ከአራቱ ጡቶች ሁለቱን ያልባል፤ ሁለቱን ለግልገሉ ይተዋል። አራቱንም አልቦ «ግልገል በዕድሉ ያድጋል» የሚል እረኛ ቢገኝ ጎረቤቶቹ መንጋቸውን አያምኑትም። ጡት የተነጠቀ ልጅ ምን እንደሚሆን ደግሞ በሕክምና መጽሐፍ ተጽፎአል። ሲሲሊ ዊልያምስ የተባለች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዛሬዋ ጋና ሕፃናትን ስታክም፣ ሰውነቱ ያበጠ፣ ጸጉሩ የሳሳ፣ ከሰው የማይስማማ ታላቅ ልጅ አየች። የአገሬው ሰዎች በሽታውን ታናሽ ሲመጣ ከጡት የተባረረ ልጅ ደዌ ብለው ያውቁት ነበር፤ ዓለም ዛሬም ክዋሽዮርኮር እያለ በእነርሱ ስም ይጠራዋል። በሽታው የሚይዘው ታናሹን አይደለም። ከጡት ወርዶ በምትኩ ፍትፍት፣ እንቁላል፣ የላም ወተት ያላገኘውን ታላቅ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይታረም። እናት ስታረግዝ ወተቷ ይመረዛል ተብሎ ታላቁ በአንድ ሌሊት ከጡት የሚጣልበት ቤት ብዙ ነው። ወተቱ ሊቀንስና ጣዕሙ ሊለወጥ ይችላል እንጂ አይመረዝም፤ ጤነኛ የሆነችና የምትመገብ እናት እርጉዝ ሆናም ማጥባት ትችላለች። ሁለተኛው፦ ጡት ራሱ ወሊድን ያራርቃል። ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ከሆነ፣ ቀንም ሌትም ከጡት በቀር ምንም ካልቀመሰ፣ የእናቲቱም የወር አበባ ካልተመለሰ፣ የመፀነስ ዕድሏ ከመቶ ሁለት አይሞላም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሟሉ ነው። ለሕፃኑ ውሃ፣ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ቅቤ የሚያልሱ ደግ አያቶች ይህን ጥበቃ ሳያውቁ ያፈርሱታል። ጡት ስላጠባሁ አላረግዝም ብላ ዘጠነኛው ወር ላይ የተደናገጠች እናት የሰማችው የእውነቱን ግማሽ ነበር።

በአላህ መመካትን ታፈርሳለህ የሚል ይመጣል። ግመሉን ሳያስር የተመካውን ሰው ነቢዩ አስሮ እንዲመካ እንዳዘዙት የሚያስተምሩት የዚሁ አገር ሼኮች ናቸው። በነቢዩ ዘመን ባልደረቦቻቸው ከእርግዝና የሚጠነቀቁበት መንገድ እንደነበራቸው ተዘግቦአል፤ ኢማም አል ጋዛሊም ፈቅደውታል። ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። ነቢዩ ከአጥቢ ሚስት ጋር መገናኘትን ሊከለክሉ አስበው፣ ሮማውያንና ፋርሶች ሲያደርጉት ልጆቻቸው እንዳልተጎዱ አይተው መተዋቸውን ሐዲሱ ይናገራል፤ ታዲያ ምን ያሳስባል ይላሉ። መልሱ ከራሱ ከሐዲሱ ይወጣል። ሊከለክሉ ያሰቡት ለጡት ልጅ አስበው ነው፤ የተዉትም ጉዳት መኖር አለመኖሩን አይተው ነው። እኛም እንይ ከተባለ ከቤት ቤት የሚለያየውን ማየት ነው፤ ሳህኑ ሙሉ የሆነ ቤትና ድርቅ ያወጣው ቤት አንድ ፍርድ አይሰጣቸውም። ቶሎ ቶሎ ወልዶ መገላገል፣ ልጆቹም አብረው ያድጋሉ የሚለው ክርክር ደግሞ ከልጆቹ በኩል ጥሩ መስሎ ይታያል፤ የእናትን ደም ግን አይቆጥርም። ደሟ ሳይተካ ዳግም የምታረግዝ ሴት ለደም ማነስ ትጋለጣለች፤ ቀኑ ሳይደርስ መወለድም ከአጭር የወሊድ ርቀት ጋር ተያይዞ ይታያል።

ከወዲያ በኩል ደግሞ የጤና ቢሮው ሰው ቍጥሩን ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሶማሌ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 7.2 ልጅ ትወልድ ነበር፣ በአገር ደረጃ 4.6፣ በአዲስ አበባ 1.8፤ በክልሉ ካገቡት ሴቶች የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትጠቀመው ከመቶ ሁለት አትሞላም ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ሕዝቡ ማራራቅ አያውቅም ማለት ግን ችኮላ ነው። ሶማሌ ሙሽሮችን ሲመርቅ ወንድ ልጅና ወተትን አጣምሮ ነው የሚመርቀው፤ ወተት የሌለበት ልጅ ምርቃቱ ውስጥ የለም። «ልጅ ቀንሱ» ተብሎ የሚመጣ መልእክት ጆሮ ባያገኝ አይገርመኝም፤ «የታላቁን ሁለት ዓመት አሟሉለት» የሚለው ግን ከራሳቸው መጽሐፍና ከራሳቸው በረት የወጣ ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቢሆን ከፖስተሯ ይልቅ ይህ ይቀላታል።

አንድም፦ ዕድሉ ሰው ነው። በደጋው ወግ ሴት የመጀመሪያዋን እናቷ ቤት ሄዳ ትወልዳለች፤ ሁለተኛውን ግን በራሷ ቤት፣ የሚሮጥ ልጅ እያሳደገች። የሶማሌ አራስ አርባ ቀን ትጠበቃለች፤ በሾርባ፣ በገንፎ፣ በቅቤ፣ በዕጣን ጢስ፤ በአርባኛው ቀንም ሴቶች ተሰብስበው ያወጧታል። ይህን አርባ ቀን የሚያቆመው ጉልበት የአያት (የአዬዮ)፣ የአክስትና የጎረቤት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ሲሰጥ ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀን ሰጥቶአል። ሦስት ቀን ለመጀመሪያው ልጅ ምናልባት ይበቃ ይሆናል፤ አዬዮ አለችና። ለሁለተኛው ግን ሁለት ዓመት ያልሞላው ታላቅ የአራሷ መጋረጃ ሥር ቆሞ ጣቱን እየጠባ፣ እንዳይገባ ተነግሮት፣ «እማዬ» እያለ ሲያለቅስ የሚያነሣው ክንድ ከሦስተኛው ቀን በኋላም ያስፈልጋል። አባት ይህን ሥራ የሴት ነው ካለ፣ የታናሹን ዕድል ከታላቁ ቆርሶ እየሰጠ ነው። የአል በቀራህ አንቀጽ የማጥባቱን ወጪ በአባት ላይ የጣለው እንዲህ እንዳይሆን ነው።

አንድም፦ ታናሹ ራሱ የታላቁ ዕድል ነው። ይህ ፍቺ አጭር ነው፤ ደስታም አለው። ታናሹ አፍ ሲፈታ በአንዱ ቤት «ጋሼ»፣ በሌላው «አቦዌ» ብሎ ይጠራዋል፤ ማዕረጉን ያመጣለት ከጡት ያወረደው ልጅ ነው። ይህ የሚሠምረው ግን ታላቁ ሳይነጠቅ ተራ ሲሰጥ ነው፤ የተነጠቀ ልጅ ጋሼ መባልን አይወድም።

ፍርዱ እንግዲህ እንዲህ ይሁን። ቃሉን እንዲናገር የሚፈቀድለት ከዕድሉ አንዱን ይዞ የመጣ ሰው ነው። በጅግጅጋም ሆነ በሌላው ከተማ የሁለተኛ ልጅ አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ከሻዩ በፊት ታላቁን አንሥታችሁ ለግማሽ ቀን ቤታችሁ ወስዳችሁ አውሉት፤ እንቁላል ቀቅሉለት፤ እናቲቱ ትተኛ።