የቆሬ ልጆች

በየሰፈራችን የአንድ ወጣት ስም ሲነሣ ቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ነው። ጠባዩና ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ለጋብቻ ሲሆንማ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዝምድናን ለመለየት መቆጠሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቆጠራው ነውር ፍለጋ ሲሆን አያት ባጠፋው የልጅ ልጅ አንገቱን ይደፋል። ለመሆኑ ልጅ በአባቱ በደል ይጠየቃልን? ይህን ጥያቄ ከአንድ ሌዋዊ ቤተሰብ ታሪክ ጋር አያይዤ ላቅርበው።

ቆሬ የይስዓር ልጅ፣ የቀዓት የልጅ ልጅ ነው፤ ቀዓትም የሌዊ ልጅ ነው። ይስዓርና የሙሴ አባት እንበረም ወንድማማቾች ስለ ነበሩ ቆሬ ለሙሴና ለአሮን የአጎት ልጅ ይሆናል። እንግዲህ በዘር በኩል የጎደለው ነገር አልነበረም። ለጌድሶንና ለሜራሪ ወገኖች ሠረገላ ሲሰጣቸው የቀዓት ወገኖች አልተሰጣቸውም፤ ታቦቱንና ንዋየ ቅድሳቱን በትከሻቸው የሚሸከሙ እነርሱ ነበሩና። የዚህ ወገን አለቃ ሆኖ የተሾመው ግን ከቀዓት ልጆች በመጨረሻ የተጠራው የዑዝኤል ልጅ ኤልሳፋን ነው። የቆሬ አባት በተራው ሁለተኛ ነበር። ይህ ነገር ቆሬን ከንክኖት ቢሆን አያስደንቀኝም።

ቆሬ በሙሴና በአሮን ላይ ሲነሣ ማኅበሩ ሁሉ ቅዱስ ነው፤ እናንተ ስለምን ትታበያላችሁ? የሚል ክርክር አቀረበ። ነገሩ ግማሽ እውነት አለበት፤ በሲና ተራራ ሕዝቡ በሙሉ የተቀደሰ ሕዝብ ተብሎ ነበርና። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። በአፉ የሕዝቡን እኩልነት ይናገራል፤ በልቡ ክህነቱን ለራሱ ይፈልጋል። ሙሴም ይህንኑ ገልጦ ነገረው። ፍጻሜውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ 250 ሰዎች ጽናቸውን እንደ ያዙ በእሳት ተበሉ፤ ዳታንና አቤሮንም ከነቤተሰባቸው ምድር ዋጠቻቸው። እውነቱን ለመናገር ስለ እነዚያ ሕፃናት ሳነብ ልቤ ይከብዳል።

ይኸው የዘኍልቍ መጽሐፍ ግን በምዕራፍ 26፣ በደረቅ የሕዝብ ቆጠራ መካከል፣ የቆሬ ልጆች እንዳልሞቱ በአጭር ቃል ይነግረናል። ለምን እንደ ተረፉ አይገልጽም። በዘጸአት የአባቶች ኃጢአት እስከ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ እንደሚደርስ ተጽፏል፤ እዚያው ላይ «የሚጠሉኝ» የሚል ቃል ስላለ፣ እኔ የምረዳው የአባታቸውን መንገድ ስለሚከተሉ ልጆች መሆኑን ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 24 ልጅ በአባቱ ፋንታ እንዳይገደል ያዛል። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 18 ያንን የጎምዛዛ ወይን ተረት ከእስራኤል አፍ አስቀርቶታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ ግን የትውልዱ ሐረግ ራሱ ነው። ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 6ን ገልጣችሁ ተመልከቱ። ከዓመፀኛው ቆሬ ዘር ከብዙ ትውልድ በኋላ ነቢዩ ሳሙኤል ተወለደ። (አባቱ ሕልቃና በኤፍሬም ተራራማ አገር መኖሩ አንዳንዱን ግራ ያጋባል፤ ነገር ግን ለቀዓት ወገኖች በዚያ ከተሞች ተሰጥተዋቸው ነበር።) የሳሙኤል ልጅ ኢዮኤል ደግሞ በቤርሳቤህ ፈራጅ ሆኖ ጉቦ በላ። የዚህ ጉበኛ ልጅ ማን ሆነ? በዳዊት ዘመን የመዘምራን አለቃ የነበረው ኤማን ነው! በአንድ ቤት ዓመፀኛ፣ ነቢይ፣ ጉበኛ፣ ዘማሪ ተከታትለው ወጡ። በአያቱ ቅድስና የሚመካ ሰው ኢዮኤልን ያስብ፤ በአባቱ ስም የሚያፍርም ኤማንን ያስብ። «የማን ልጅ ነው?» ብለን የምንጠይቅ ሰዎች ኤማንን ብናገኘው ኖሮ የምንመልሰው ከደጅ ነበር።

የቆሬ ልጆች በኋላ ዘመን በእግዚአብሔር ቤት በር ጠባቂዎችና መዘምራን ሆኑ። በንጉሥ ኢዮሣፍጥ ዘመን ጠላት በይሁዳ ላይ ሲመጣ በታላቅ ድምፅ ካመሰገኑት መካከል ነበሩ። በስማቸውም 11 መዝሙራት አሉ። በእኛ ዳዊት 83ኛው ከእነርሱ አንዱ ነው፤ በእግዚአብሔር ቤት ደጃፍ መቆምን ከሌላው ኑሮ ሁሉ አስበልጦ ይመርጣል። አባታቸው ወደ ውስጥ ለመግባት ተጋፍቶ ነበር።

ስማቸውንም አልለወጡም። ከመዝሙሩ በላይ ሳሙኤልን ወይም ሌዊን መጥራት ይችሉ ነበር፤ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ግን እስከ ዛሬ የሚያነበው «ዘደቂቀ ቆሬ» የሚለውን ነው።