ስጦታ በአንድ ቀን አያልቅም

 

የዛሬው የጁምዓ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ሰው መልሶ ሊከፍለው የማይችለውን ስጦታ ሲቀበል ምስጋናውን በምን ይገልጻል? ጥያቄው የሁላችንም ነው። ግን ጎልቶ የሚታይበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም የሌላ ሰው ኩላሊት ተሰጥቶት የሚኖር ሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ እርሱና በየቀኑ ስለሚውጠው መድኃኒት እናውራ።

ንቅለ ተከላ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የቀዶ ጥገናው ቀን ነው። እህት ለወንድሟ ኩላሊቷን ትሰጣለች፣ ቤተሰቡ ደጅ ላይ ሆኖ ዱዓ ያደርጋል፣ ሐኪሙ ይወጣና «ተሳክቷል» ይላል፣ ሁሉም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያለቅሳል። ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለናል። ለታማሚው ግን ዋናው ሥራ ገና መጀመሩ ነው።

ለምን? አላህ (ሱ.ወ) በሰውነታችን ውስጥ ዘበኛ አስቀምጧል። ይህ የመከላከያ ኃይል የራሱን ከባዕዱ ይለያል። ጀርም ሲገባ ያሳድዳል፣ ያጠፋል። እርሱ ባይኖር አንዲት ትንሽ ቁስል ትገድለን ነበር፤ ሱብሃነላህ፣ ስንቶቻችን ነን በዚህ ኒዕማ አመስግነን የምናውቀው? ነገር ግን ይህ ዘበኛ የእህትን ኩላሊትም እንደ ባዕድ ነው የሚያየው። በፍቅር የተሰጠ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «ይህ የኛ አይደለም» ብሎ ይነሳበታል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1954 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ አደረጉ። ሰጪው ሮናልድ ሄሪክ፣ ተቀባዩ ወንድሙ ሪቻርድ ነበር። የተሳካበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሁለቱ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የሪቻርድ ሰውነት የወንድሙን ኩላሊት እንደ ራሱ ቆጠረው። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ። ግን ስንት ሰው ነው ተመሳሳይ መንትያ ያለው?

ለሌላው ሰው መንገዱን በሰፊው ከከፈቱት መድኃኒቶች ሁለቱ የተገኙት ከአፈር ነው። ሳይክሎስፖሪን የተባለው በኖርዌይ ሃርዳንገርቪዳ ከሚባል ደጋማ ሜዳ ከተወሰደ አፈር ውስጥ ከነበረ ፈንገስ የወጣ ነው፤ በብዛት ሥራ ላይ የዋለው በ1980ዎቹ ነው። ዛሬ በጣም የሚታወቀው ታክሮሊመስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 በጃፓን ፁኩባ አካባቢ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ተገኘ። አባታችን አደም (ዐ.ሰ) ከአፈር ተፈጠረ። የአንዱን የአደም ልጅ አካል ከሌላው ጋር የሚያስማማውንም ነገር አላህ በአፈር ውስጥ አስቀምጦልን ነበር። የሰው ልጅ ጎንበስ ብሎ እስኪፈልገው ድረስ እዚያው ነበር።

እነዚህ መድኃኒቶች ግን አንድ ጊዜ ተወስደው የሚያበቁ አይደሉም። ዘበኛውን ያስተኙታል እንጂ አያስረሱትም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ይነቃል። ስለዚህ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ መድኃኒቱም አለ። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት፣ በየቀኑ፣ ለዓመታት። መጠኑም በደም ምርመራ ይለካል፤ ካነሰ ኩላሊቱ ይጠቃል፣ ከበዛ ደግሞ መከላከያው ከልክ በላይ ይዳከምና ሰውየው ለኢንፌክሽን ይጋለጣል፣ ኩላሊቱም ራሱ ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቶቹ እጅ ሊያንቀጠቅጡ፣ ፊት ሊያሳብጡ፣ ደም ግፊትና ስኳር ሊያመጡ ይችላሉ። ለተቀባዩ ስጦታውን መጠበቅ ማለት ይህ ሁሉ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

አንድ ወጣት አስቡ። ከንቅለ ተከላው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይማራል፣ ይሠራል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይወጣል። ምንም አያመውም። «ደህና ነኝ፤ ለምን ይህን ሁሉ ኪኒን እውጣለሁ? ደግሞስ ሰውነቱ የኔ አይደለም እንዴ?» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሐኪሞች በተለይ ስለ ወጣቶች የሚጨነቁት በዚህ ምክንያት ነው። የተተከለ ኩላሊት መጠቃት ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ የደም ምርመራው ሌላ ይናገራል። ሕመሙ ሲሰማው ብዙ ጊዜ አልፏል።

«ሰውነቴ የኔ ነው» የሚለው ቃል ለሙስሊም ግማሽ እውነት ነው። አካላችን በእጃችን ነው፤ ባለቤቱ ግን አላህ ነው። እኛ ዘንድ አማና ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በጂዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላን በቅድመ ሁኔታ ሲፈቅድ አካልን መሸጥን ግን ከልክሏል። የተለየ አቋም ያላቸው ዑለማዎችም አሉ፤ እናከብራቸዋለን። ከክልከላው ግን አንድ ነገር እንማር። አማና የተቀበለ ሰው ሊነግድበት አይችልም። ታዲያ የማይሸጥ ነገር እንዴት ይሰጣል? ምክንያቱም ሰጪው ራሱን ሳያጠፋ ነፍስ ሲያድን የአማናውን ባለቤት የሚያስደስት ሥራ እየሠራ ነው። ለጥቅሙ ቢያደርገው ክህደት ይሆን የነበረው ነገር ለአላህ ብሎ ሲያደርገው ሰደቃ ይሆናል።

እንግዲህ ኩላሊት የተቀበለ ሰው አማናው ድርብ ነው፤ አላህ የሰጠው አካልና አላህ በእህቱ እጅ የላከለት አካል። ሹክር ደግሞ በምላስ ብቻ አይደለም። ስጦታን በአግባቡ መያዝ ራሱ ሹክር ነው። «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መድኃኒቱን የሚረሳ ሰው፣ ልብስ ተገዝቶለት «አመሰግናለሁ» ብሎ ጭቃ ላይ የሚጥል ሰው ይመስላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሥራዎች ሁሉ አላህ ዘንድ የተወደደው ትንሽ ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል። ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳያጨበጭብ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ በአንድ ብርጭቆ ውሃ የሚዋጥ ኪኒን ከዚህ የበለጠ ምን ምሳሌ አለው? ኒያው ከተስተካከለ ኢንሻአላህ አጅር አለበት።

አንዳንዱ ደግሞ በሌላ በር ይመጣል። «ተወኩል አድርግ፤ ሺፋው ከአላህ ነው፤ መድኃኒቱን ተወውና ይህን ሥራ ሥር ሞክር» ይላል። ሺፋው ከአላህ መሆኑን ማንም አይክድም። ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ የጠየቀውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ አስሮ ከዚያ እንዲመካ ነው ያስተማሩት። መድኃኒቱ ገመዱ ነው። ዱዓውና ሩቅያው ይቀጥሉ፤ ገመዱ ግን አይፈታ። ዕፅዋት ደግሞ ተፈጥሯዊ ስለሆኑ ብቻ አይጎዱም ማለት አይደለም፤ ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬ እንኳን ታክሮሊመስንና ሳይክሎስፖሪንን በደም ውስጥ ከልክ በላይ ከፍ ስለሚያደርግ ይከለከላል። ሐኪሙ ሳይጠየቅ ምንም አይጨመር፣ ምንም አይቀነስ።

ረመዳን ሲመጣ ፈተናው ይከብዳል። መድኃኒቱን በየ12 ሰዓቱ ለሚወስድ ሰው፣ በአገራችን ከፈጅር እስከ መግሪብ ወደ 13 ሰዓት የሚሆነው ፆም ሰዓቱን ያዛባበታል፤ የውሃ ጥሙም ለኩላሊቱ ቀላል አይደለም። ሐኪማቸው መርምሮ ፈቅዶላቸው የሚፆሙ አሉ። የተከለከሉም አሉ፤ ለእነርሱ አላህ በራሱ ቃል ለታመመ ሰው ቅለትን አድርጓል፤ ቀዷና ፊድያን በሚመለከት የሚያምኑትን ዓሊም ይጠይቁ። የአላህን ቅለት መቀበል የኢማን ድክመት አይደለም። አላህ ፍቀድ ብሎ የፈቀደውን ሰው «ለምን አትፆምም?» ብሎ በዓይን መውጋት ግን የኛ ድክመት ነው።

በነገራችን ላይ፣ መስጂድ ውስጥ ማስክ አድርጎ ጥግ ላይ የሚሰግድ፣ እጁን ለመጨበጥ የሚያመነታ፣ ዒድ ላይ ጥሬ ሥጋ ሲቀርብለት «ይቅርብኝ» የሚል ወንድም ካያችሁ አትቀየሙት። ኮርቶ አይደለም። ዘበኛው የተኛበት ቤት ነው፤ በሩን ራሱ መጠበቅ አለበት።

ለሰጪዎችም አንድ ቃል አለን። አላህ (ሱ.ወ) ሰደቃችንን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ አስጠንቅቆናል። ኩላሊት የሰጠች እህት ወንድሟ መድኃኒቱን እንዲወስድ ብትመክረው ፍቅር ነው። «ኩላሊቴን ሰጥቼህ እንዴት ቃሌን ታልፋለህ?» ብላ ትዳሩንና ሥራውን ልትወስንለት ከሞከረች ግን ሰደቃዋ ወደ ሰንሰለት ይለወጣል። ተቀባዩም ያለበት ምስጋና ባሪያ አያደርገውም። ለእርሷ ዱዓ ያደርጋል፣ ያከብራታል፣ ጤንነቷን ይጠይቃል፣ የሰጠችውን ይጠብቃል። ቀሪውን ዋጋዋን የሚከፍላት አላህ ነው።

መድኃኒቱን አንድም ቀን ሳያጓድል የኖረ ሰውም ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል። ይህ ቀደር ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ምን አጥፍተህ ነው?» ብሎ መጠየቅ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። እኛ የምንጠየቀው ስለ ጥበቃችን ነው፤ ውጤቱ የአላህ ነው። አማናውን እስከ መጨረሻው የጠበቀ ሰው ኩላሊቱ ቢቆምም አማናውን አልበላም።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን፣ ወደ ጀማዓው እንምጣ። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ መሰጠት ጀምሯል። ወደ ሕንድና ወደ ሌላ አገር የሚሄዱም አሉ። አንድ ወጣት ኩላሊቱ ደክሞ የእጥበት ወጪ ሲያንገላታው ፎቶውን እናጋራለን፣ የባንክ ቁጥሩን እንለጥፋለን፣ ገንዘብ እናሰባስባለን። ማሻአላህ፣ አላህ ይቀበለን። ታክሞ ሲመለስ «ተመስገን» ብለን ወደ ሚቀጥለው ፎቶ እናልፋለን። ከዚያ በኋላ ያለውን የመድኃኒት ወጪ፣ መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ ከፋርማሲ ፋርማሲ መንከራተቱን ማን ያስባል? መድኃኒት መግዛት አቅቶት ያቋረጠ ሰው አማናውን የበላ አይደለም። ምናልባት አማናውን የበላነው እኛ ነን፤ ነፍሱን አብረን አድነን ጥበቃውን ለብቻው ስለተውንለት።

ስለዚህ ለዚህ ጁምዓ አንድ ቀላል ሥራ እንያዝ። በምናውቀው ሰፈር፣ በጊቢያችን፣ በመስጂዳችን ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ካለ እንደውልለት። «እንዴት ነህ?» ካልን በኋላ «መድኃኒትህ አለ?» ብለን እንጠይቅ። አምስት ወይም አሥር ወጣቶች ሆነን በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብናዋጣ የአንድ ሰው መድኃኒት ሳይቋረጥ ሊቀጥል ይችላል። አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የማይቋረጥ ትንሽ ገንዘብ ለእንዲህ ያለ ሰው ይበልጣል። ሕመሙ በየቀኑ ነው፤ ሰደቃችንም የሚዘወተር ይሁን።

መድኃኒቱን እየወሰድክ ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ የምታነቢ እህቴ፦ ሰዓቱ ሲደርስ ኪኒኗን እንደ ሸክም ብቻ አትዩአት። ቢስሚላህ በሉና ውሰዷት። ለሰጣችሁ ሰው ዱዓ አድርጉ። የተሰጣችሁን ዛሬም ጠብቃችሁ ማደራችሁ በቂ ሹክር ነው፤ ነገ ደግሞ የነገውን።

ያ አላህ፣ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ስጣቸው። የአካላቸውን ክፍል ለወገናቸው የሰጡትን ዋጋቸውን አብዛላቸው። አማናን ከሚጠብቁት፣ ወንድማቸውን በመንገድ ላይ ከማይተዉት አድርገን። አሚን።