የጋራው ሀብት ሲጐዳ ካሳው ለማን ነው?

የሰው በሬ የሰረቀ ንስሓ ሲገባ በሬውን ወይም ዋጋውን ለባለቤቱ መመለስ እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን። የመንደሩን ምንጭ ያበላሸ፥ የጋራውን ዱር የመነጠረ ሰው ግን የሚመልሰው ለማን ነው? «የማንም ስላልሆነ ማንንም አልበደልሁም» ቢለን ምን እንመልስለታለን?

መልሱን ከሩቅ አንፈልገውም። ከዓለም ከተማ ባሻገር በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ቤት የሚከደንበትና ገመድ የሚገመድበት የጓሳ ሣር እንዲያገግም ምድሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ በሕዝቡ የተመረጠው አለቃ ሲፈቅድ ብቻ ይታጨዳል፤ ሥርዓቱን ያፈረሰም ይቀጣል። አለቃው ጠባቂ እንጂ ባለቤት አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢቀርም፥ ሕዝቡ ኋላ ጥበቃውን በኮሚቴ አድሶታል።

የሕግ ሊቃውንት ይህን ሐሳብ የሕዝብ ዐደራ ይሉታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። በዐደራው ሐሳብ ግን መንግሥት የያዘው ላሉትና ገና ለሚወለዱት ነው፤ ስለዚህ ዐደራው ሲጐዳ ሊከስስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለች መርከብ በአላስካ ባሕር ነዳጅ ባፈሰሰች ጊዜ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትና የአላስካ ግዛት በባለዐደራነት ከሰሱ። በ1991 ኩባንያው 900 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ ገንዘቡም በዋናነት የተጐዳውን ተፈጥሮ እንዲያድስ ተመደበ እንጂ ለግለሰቦች አልተከፋፈለም።

ባለዐደራው ዝም ቢልስ? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፥ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፥ ስለ ጥፋቱ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅድለታል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

እንግዲህ ለዚያ ሰው የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ በደልህ «ማንንም» ሳይሆን ብዙዎችን ነክቷል፤ ከእነርሱም የሚበዙት ገና አልተወለዱም። ገንዘብ ብትቈጥርላቸው አይቀበሉህም። ስለዚህ ምንጩን ጥረግ፥ ዱሩን መልሰህ ትከል፤ ካሳህ ለተጐዳው ነገር ይሁን። አዳም ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ መቀመጡን (ዘፍ. 2፥15) የምናስተምር እኛም፥ አይተን ዝም ካልን ዐደራ በልተናል።